ወንድ ነው ወይስ ሴት? የማንቲስን ፆታ በልጅነቱ ስለ ማወቅ

የፊት እግሮቹን እንደ ጸሎተኛ አጥፎ የሚቆመውን ማንቲስ ብዙዎቻችን በሣር መካከል አይተነዋል። በመስተዋት ዕቃ አኑረው የሚያሳድጉትም ሰዎች በብዙ አገር አሉ። አሳዳጊውን ከሚያሳስቡት ነገሮች አንዱ ፆታውን ማወቅ ነው። ይህም ለጨዋታ ያህል የሚጠየቅ አይደለም። የተራበች ሴት ሊገናኛት የመጣውን ወንድ ይዛ ትበላዋለች፤ ወንድ ያላገኘች ሴት የምትጥለው እንቁላል ደግሞ በአብዛኛው ዝርያ ሳይፈለፈል ይቀራል።

ብዙ ሰው በመጠን ሊለይ ይሞክራል። ሴቷ ትልቅና ወፍራም መሆኗ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ካደጉ በኋላ ነው። ከአንድ የእንቁላል ከረጢት የወጡትም እንደ አመጋገባቸው ይበላለጣሉ። ስለዚህ መጠኑን ትተን እንቁጠር እንላለን።

የሚቆጠረው በሆዱ ሥር በኩል የሚታየው ቀለበት መሰል ክፍል ነው። ወንዱ 8 ክፍሎች ሲኖሩት ሴቷ 6 ብቻ ይታዩባታል። የወንዱ ክፍሎች ወደ ጫፍ እየጠበቡ ሄደው መጨረሻው ትንሽ ይሆናል፤ የሴቷ የመጨረሻ ክፍል ግን ሰፊ ሆኖ የቀሩትን ይሸፍናል።

ነገር ግን መቸኮል አይገባም። ገና እንደ ተፈለፈሉ ሁለቱም ፆታዎች ተመሳሳይ ስለሚመስሉ ቆጠራው አይረዳም። ቆዳቸውን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ከቀየሩ በኋላ በአጉሊ መነጽር ማየት ይቻላል። ማንቲሱን በእጅ ማስጨነቅም አያስፈልግም፤ ጥሎት የሄደውን ቆዳ አንሥቶ መቁጠር ይበቃል። በተለይ መብላት አቁሞ ተንጠልጥሎ ከታየ ቆዳ ሊቀይር ነውና ፈጽሞ አይነካ፤ በዚያን ጊዜ ቢወድቅ አካሉ ጎብጦ ሊቀር ወይም ሊሞት ይችላል።

ሌሎች ምልክቶች ለማረጋገጫ ይረዳሉ። እያደጉ ሲሄዱ የወንዱ አንቴና ይረዝማል፤ በብዙ ዝርያዎችም ይወፍራል። በአፍሪካ በሚገኘው፥ ደረቅ ቅጠል በሚመስለው የማንቲስ ዓይነት ደግሞ የራሱ ዘውድ ይለያል፤ የሴቷ ሰፋ ያለ ሲሆን የወንዱ ቀጭንና የተጣመመ ነው።

ይህን ቀድሞ ማወቅ ምን ይጠቅማል? ወንዱ ብዙውን ጊዜ ከሴቷ በፊት ለአካለ መጠን ይደርሳል፤ ዕድሜውም ያጥራል። ፆታውን በጊዜ ያላወቀ ሰው እኅቱ ሳትደርስ ወንዱ አርጅቶ ይሞትበታል። ያወቀው ግን ሁለቱን ለየብቻ ያኖራል፤ ለሴቷ ምግብና ሙቀት ጨምሮ ለወንዱ ይቀንሳል፤ እንዲህ አድርጎ ዕድገታቸውን ያቀራርባል። በሚገናኙበትም ቀን ሴቷን አስቀድሞ ያጠግባታል።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ ከግምት ይልቅ ቆጠራን እንመን። 8 ከሆነ ወንድ፥ 6 ከሆነ ሴት፤ ካልታየ ደግሞ የሚቀጥለውን ቆዳ እንጠብቅ።