በኢንተርኔት ያገኘነውን የጤና መረጃ በምን እንመዝነው?



ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪያችን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ወደ ቢሯችን መጥታ በስልኳ ላይ ያለ አንድ ጽሑፍ አሳየችን። ጽሑፉ የስኳር በሽታን በ21 ቀናት ውስጥ ከሥሩ ነቅሎ ያጠፋል ስለተባለ የዕፅዋት ዱቄት ያትታል። «በላቦራቶሪ የተረጋገጠ»፣ «95 በመቶ ውጤታማ» የሚሉ ቃላት በደማቁ ተጽፈዋል። የተማሪያችን ጥያቄ አጭር ነበር፤ «መምህር፣ ይህ እውነት ነው? እናቴ ይህን ካነበበች ወዲህ ኪኒኗን በቀን ከሁለት ወደ አንድ ቀንሳለች።»

እኛ የፊዚክስ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለንም። ስለዚህ በመጀመሪያ ያልናት፣ ዛሬውኑ ወደ ቤት ደውላ እናቷ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ መድኃኒታቸውን እንዳይቀንሱ እንድትነግራቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ጽሑፉን አብረን ተቀምጠን መረመርነው። የሚከተለው ትምህርት ከዚያ ውይይት የተገኘ ነው።

አበው «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ይላሉ። ይሁን እንጂ ሁሉን መጠርጠር ሁሉን ከማመን የተሻለ አይደለም። ሁሉን የሚያምን ሰው የማይረባውን ዱቄት ይገዛል፤ ሁሉን የሚጠረጥር ደግሞ ለልጁ ሕይወት የሚያስፈልገውን ክትባት ይተዋል። ሁለቱም ከመመዘን ድካም የሸሹ ናቸው። በመሆኑም ከዚህ በታች አምስት የመመዘኛ ጥያቄዎችን ከነምሳሌዎቻቸው እናቀርባለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ ማን ነው የሚናገረው? ምንስ ያገኛል?

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነው። ጽሑፉ የጸሐፊው ስም፣ የሙያ መስኩና የተጻፈበት ቀን አለው? መረጃውን ከየት እንዳገኘው ይገልጻል? ከጽሑፉ ግርጌ የሚገኘው የስልክ ቁጥር ለማብራሪያ ነው ወይስ ለሽያጭ? የሚሸጥ ሰው ሁሉ ይዋሻል ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ፈራጁና ተከሳሹ አንድ ሰው ሲሆኑ ሦስተኛ ምስክር መፈለግ ግዴታ ነው።

የማዕረግ ስምም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የእኛ ዶክትሬት በፊዚክስ ነው፤ ስለዚህ «ዶክተር እገሌ እንዲህ አሉ» ተብሎ የእኛ ስም ከኩላሊት መድኃኒት ጋር ቢጠቀስ አንባቢ ሊቀበለው አይገባም።

ሁለተኛ፦ የተሞከረው በምን ላይ ነው?

«በላቦራቶሪ ተረጋግጧል» የሚለው ሐረግ ብዙ ነገር ይሸፍናል። በመስታወት ሳህን ላይ ጀርም መግደል አንድ ነገር ነው፤ በአይጥ ላይ መሥራት ሌላ፤ በሰው ላይ ፈውስ ማምጣት ደግሞ ሌላ። በረኪና በሳህን ላይ ያለን ጀርም ሁሉ ይፈጃል፤ ይሁን እንጂ ጤነኛ አእምሮ ያለው ሰው አይጠጣውም። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ መጀመሪያ ላይ፣ አልኮል ቫይረሱን ከእጅ ላይ ስለሚያጠፋ ቢጠጣም ከበሽታው ያድናል የሚል ወሬ በኢራን ተሰራጭቶ ነበር። በዚህም ምክንያት ሜታኖል የተባለውን መርዛማ አልኮል የጠጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል። ከሳህን ወደ ሰው ያለውን ርቀት መዝለል ይህን ያህል ያስከፍላል።

ታዲያ የአገር ባህል መድኃኒት ሁሉ ከንቱ ነውን? በፍጹም አይደለም። ለዚህ ከአገራችን የተሻለ ምስክር የለም። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ አካባቢ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ በሚገኘው ውኃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ ተውሳክ የሚራባባቸው ናቸው። ተመራማሪው ግን ያዩትን ይዘው «እንዶድ ቢልሃርዚያን ይፈውሳል» ብለው አላወጁም። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ወስደው እንዶዱን ሞከሩባቸው፤ ቀጥሎም ከባልደረቦቻቸው ጋር በአድዋ ወንዞች ላይ ለዓመታት የመስክ ሙከራ አካሄዱ። የደረሱበትም ድምዳሜ ልኩን የጠበቀ ነበር፤ እንዶድ ተሸካሚውን ቀንድ አውጣ በመግደል የበሽታውን ስርጭት ለመቀነስ ይረዳል እንጂ ለታማሚ የሚጠጣ መድኃኒት አይደለም። ለዚህ ሥራ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል። እንግዲህ የዕፅዋቱ አገር በቀልነት ከፈተና አያድነውም፤ ከፈተና በፊትም አያስኮንነውም።

ሦስተኛ፦ ከምን ጋር ተነጻጽሮ?

ጉንፋን የያዘው ሰው ነጭ ሽንኩርት በልቶ በሳምንቱ ቢድን፣ ሽንኩርቱ አድኖታል ማለት እንችላለን? ሽንኩርቱን ያልበላውም ጎረቤቱ በሳምንቱ ድኗልና አንችልም። ማነጻጸሪያ የሌለው ሙከራ አንድ ወጭት ብቻ እንዳለው ሚዛን ነው።

ይህን በሁለት የታሪክ ምሳሌዎች እናስረዳ። የሚገርመው በሁለቱም ውስጥ ቁጥሩ 12 መሆኑ ነው።

በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል ሐኪም ስከርቪ የተባለው በሽታ የያዛቸውን 12 መርከበኞች መረጠ። በሽታው በተቻለ መጠን የሚመሳሰልባቸውን ወስዶ ሌላውን ምግባቸውን አንድ ዓይነት አደረገና፣ ሁለት ሁለት አድርጎ በስድስት ከፍሎ ለእያንዳንዱ ጥንድ የተለየ ነገር ሰጠ። ብርቱካንና ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድመው አገገሙ። ዛሬ ምክንያቱ የቫይታሚን ሲ እጥረት መሆኑን እናውቃለን። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ማነጻጸሪያ ነበረው፤ በኋላም በተደጋጋሚ ተረጋገጠ።

በ1998 ደግሞ አንድሩ ዌክፊልድና ባልደረቦቹ በላንሴት መጽሔት ላይ ስለ 12 ሕፃናት የሚናገር ጽሑፍ አወጡ። ጽሑፉ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር ግንኙነት ሊኖረው ይችላል የሚል ሥጋት አስነሣ። ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። ይሁን እንጂ ወሬው በዓለም ተዳረሰ፤ በብሪታንያ የክትባቱ ሽፋን አሽቆለቆለ፤ ኩፍኝም ተመልሶ መጣ። መጽሔቱ ጽሑፉን በ2010 ሰረዘው፤ በዚያው ዓመት ዌክፊልድ ከሐኪምነት መዝገብ ተሰናበተ። በ2019 በዴንማርክ 657,461 ሕፃናትን የተከታተለ ጥናት የተከተቡትን ካልተከተቡት ጋር አነጻጽሮ ክትባቱ የኦቲዝምን ዕድል እንደማይጨምር አሳየ። የተሰረዘው ጽሑፍ ግን እስከ ዛሬ በኢንተርኔት ላይ እንደ አዲስ ማስረጃ ይጠቀሳል። ስለዚህ «ጥናት አለ» ስንባል «ጥናቱ ከዚያ በኋላ ምን ደረሰበት? ሌሎችስ ደግመውት ተገኘ?» ብለን እንጠይቅ።

አራተኛ፦ በመቶኛው የምን መቶኛ ነው?

በጥቅምት ወር 1995 የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ አንዳንድ የእርግዝና መከላከያ እንክብሎች የደም መርጋት አደጋን በእጥፍ እንደሚጨምሩ አስጠነቀቀ። «በእጥፍ» ማለት «100 በመቶ ጭማሪ» ነውና ብዙ ሴቶች ደንግጠው እንክብሉን አቋረጡ። በቁጥር ሲገለጽ ግን፣ ቀድሞ ከ7,000 ሴቶች በአንዷ ላይ ይደርስ የነበረው በሁለት ላይ ይደርሳል ማለት ነበር። ጭማሪው ከ7,000 አንድ ነው። በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 13,000 የሚጠጋ ተጨማሪ ጽንስ ማቋረጥ እንደተከሰተ ተገምቷል። እርግዝና ራሱ ደግሞ ከእንክብሉ የበለጠ የደም መርጋት አደጋ አለው። እውነተኛ ቁጥር ያለ መነሻው ሲነገር ይህን ያህል ሊያሳስት ይችላል።

ተማሪዎች እስቲ ይህን አስሉ። አንድ መድኃኒት የአንድን በሽታ አደጋ «በግማሽ» ይቀንሳል ተባለ። በሽታው ከ10,000 ሰዎች በ4ቱ ላይ የሚደርስ ከሆነ፣ አንድ ሰው ከበሽታው እንዲድን ስንት ሰዎች መድኃኒቱን መውሰድ አለባቸው? አደጋው ከ4 ወደ 2 ወርዷል፤ ከ10,000 ሁለት ሰዎች ድነዋል። ስለዚህ መልሱ 5,000 ነው። ይህ መድኃኒቱን ከንቱ አያደርገውም፤ ዋጋውንና የጎንዮሽ ጉዳቱን ለመመዘን ግን ከ«ግማሽ» ይልቅ 5,000 ይጠቅመናል።

አምስተኛ፦ አስቀድመን ከምናውቀው ጋር ይስማማልን?

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ሙያ እንመለስ። «የሞባይል ስልክ ጨረር ዲ.ኤን.ኤ.ን በጣጥሶ ካንሰር ያመጣል» የሚል ጽሑፍ ያላነበበ ተማሪ ጥቂት ነው። የአንድ ፎቶን ጉልበት የፕላንክ ቋሚ ቁጥር በድግግሞሹ ተባዝቶ ይገኛል። በ2 ጊጋ ኸርዝ ለሚሠራ ስልክ ውጤቱ 0.000008 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው። የሞለኪውልን ትስስር ለመበጠስ ጥቂት ኤሌክትሮን ቮልት፣ ኤሌክትሮንን ለማላቀቅ ደግሞ 10 ገደማ ያስፈልጋል። የመብራታችን ቢጫ ብርሃን እንኳ ከስልኩ ፎቶን ከ200,000 ጊዜ በላይ ጉልበት አለው። ፎቶኖቹ ቢበዙስ? ሺህ ሕፃናት እያንዳንዳቸው አንድ ስንዝር ቢዘሉ የአሥር ክንድ አጥር አይሻገሩም። የፎቶኖቹ መብዛት ሊያመጣ የሚችለው የታወቀ ውጤት ሙቀት ነው፤ የስልኮች የጨረር ገደብ የተወሰነውም ይህን መሠረት በማድረግ ነው።

ይህ ስሌት ብቻውን ግን ክርክሩን አይዘጋም፤ ያላሰብነው ሌላ መንገድ ሊኖር ይችላልና በሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም መታየት አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 እነዚህን ሞገዶች «ካንሰር ሊያመጡ ይችሉ ይሆናል» ከሚለው ምድብ አስገብቷቸዋል። ይህ ምድብ ማስረጃው ውሱን መሆኑን እንጂ አደጋው ትልቅ መሆኑን አይገልጽም። በ2024 በዚሁ ድርጅት አሳሳቢነት የተደረገ የጥናቶች ግምገማ በሞባይል ስልክ አጠቃቀምና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም።

የአምስተኛው ትውልድ ኔትወርክ ኮሮናን ያመጣል የሚለው ወሬማ ከዚህም በቀለለ ሚዛን ይወድቃል። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው በመጋቢት 2020 ነው። የአምስተኛው ትውልድ የሙከራ አገልግሎት በአዲስ አበባ የተጀመረው በግንቦት 2022 ነው። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ከ400,000 በላይ ሰዎች በበሽታው መያዛቸው በምርመራ ተረጋግጦ ነበር። ምክንያት ከውጤቱ ሁለት ዓመት ዘግይቶ አይመጣም።

መደምደሚያ

አሁን አምስቱን ጥያቄዎች ይዘን ወደ ተማሪያችን ስልክ እንመለስ። ማን ነው የሚናገረው? ስም የለም፤ የማዘዣ ስልክ ቁጥር አለ። በምን ላይ ተሞከረ? «በላቦራቶሪ» ከማለት በቀር የተገለጸ ነገር የለም። ከምን ጋር ተነጻጸረ? የሦስት ሰዎች ምስጋና ብቻ ነው የቀረበው፤ ሰዎቹ የሐኪም መድኃኒታቸውን ማቆም አለማቆማቸው አልተነገረም። 95 በመቶው የስንት ሰው ነው? አይታወቅም። ከምናውቀው ጋርስ ይስማማል? ጽሑፉ ዱቄቱ የመጀመሪያውንም የሁለተኛውንም ዓይነት የስኳር በሽታ እንደሚያጠፋ ይናገራል። ነገር ግን በመጀመሪያው ዓይነት ኢንሱሊን የሚያመነጩት የቆሽት ሕዋሳት ይጠፋሉ፤ በሁለተኛው ዓይነት ደግሞ በዋናነት ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይዳከማል። መንስኤያቸው የተለያየ ሁለት በሽታዎችን በአንድ ዱቄት በ21 ቀን አጠፋለሁ የሚል ሰው እጅግ ከባድ ማስረጃ ሊያቀርብ ይገባው ነበር። ያቀረበው ግን ዋጋውን ነው።

የተማሪያችን እናት በሳምንቱ ወደሚከታተሉበት ጤና ጣቢያ ሄደው ሲመረመሩ በደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ኪኒናቸውንም ወደ ቀድሞው መጠን መለሱ። ተማሪያችን እንደነገረችን፣ እናቷን ያሳመናቸው «ሐሰት ነው» መባሉ አልነበረም። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ አምስቱን ጥያቄዎች አንድ በአንድ አብራቸው መጠየቋ ነበር።

እናንተም በየቤታችሁ ያላችሁ የተማራችሁ ልጆች ናችሁ። አባትና እናት፣ አያትና ጎረቤት ስልካቸውን ይዘው «እስቲ ይህን እይልኝ» ሲሏችሁ አትሳቁባቸው፤ በችኮላም አትፍረዱ። አብራችሁ መዝኑ፤ መድኃኒት መጀመርና ማቆምን ግን ለሐኪሙ ተዉለት።