ስለ አታሚው ዜንገርና ስለ 12ቱ ፈራጆች

ልጆች ሆይ፥ ሐሰት መናገር በደል እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ነገር ግን አንድ ሰው እውነት በመናገሩ ቢከሰስ፥ እናንተም በእርሱ ላይ እንድትፈርዱ ብትጠሩ፥ ምን ታደርጋላችሁ? ይህ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ስለ ገጠማቸው 12 ሰዎች ይናገራል። በውስጡ የተጻፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ጆን ፒተር ዜንገር በጀርመን አገር ተወለደ። በ1710 ገና ልጅ ሳለ ወደ አሜሪካ ተሻገረና በኒውዮርክ ከተማ የኅትመት ሥራ ተማረ። በዚያ ዘመን ኒውዮርክ በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር ነበረች፤ ንጉሡ የሾመው አገረ ገዥም ዊልያም ኮዝቢ ይባል ነበር። ይህ ሹም በአንድ የገንዘብ ክርክር ያልፈረደለትን ዋና ዳኛ ሽሮ በስፍራው ሌላ ዳኛ ሾመ። በዚህ ያዘኑ ሰዎች በ1733 አንድ ጋዜጣ አቋቋሙ። የአገረ ገዥውን ሥራ የሚነቅፍ ነገር እየጻፉ ለዜንገር ይሰጡት ነበር፤ እርሱም ያትመው ነበር። ጸሐፊዎቹ ስማቸውን ስለ ሰወሩ በጋዜጣው ላይ የሚታየው የአታሚው ስም ብቻ ነበር።

አገረ ገዥው እጅግ ተቈጣ። ከጋዜጣው 4 ቍጥሮች በእሳት እንዲቃጠሉ ታዘዘ፤ በ1734 በኅዳር ወርም ዜንገር ታሰረ። የዋስትናው ገንዘብ ከአቅሙ በላይ ስለ ሆነበት 9 ወር ያህል በወኅኒ ቤት ቈየ። ሚስቱ አና ግን ሥራውን አልተወችም። ባሏ በወኅኒ ቤቱ በር ቀዳዳ የሚነግራትን እየሰማች ጋዜጣውን አወጣች፤ ሳይወጣ የቀረውም አንድ ሳምንት ብቻ ነው።

ክሱ፥ መንግሥትን የሚያዋርድና ሕዝብን ለሁከት የሚያነሣሣ ጽሑፍ አትሟል የሚል ነበር። በዚያ ዘመን ሕግ እንዲህ ያለው ጽሑፍ እውነት ቢሆንም እንኳ ወንጀል ነበር። እንዲያውም እውነት ከሆነ ሕዝቡን አብልጦ ያስቈጣልና ጥፋቱ ይብሳል ይባል ነበር።

በእንግሊዝ ሕግ ግን በእንዲህ ያለ ነገር ዳኛው ብቻውን አይፈርድም። ከሕዝቡ መካከል 12 ሰዎች ተመርጠው በእውነት እንፈርዳለን ብለው ይምላሉ፤ ክርክሩንም ሰምተው ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ይላሉ። እነዚህም በእንግሊዝኛ ጁሪ ይባላሉ። ነገር ግን ዳኞቹ ሥልጣናቸውን ያጠቡባቸው ነበር። የጁሪ ሥራ ተከሳሹ ጽሑፉን ማተሙን ማረጋገጥ ብቻ ነው፤ ጽሑፉ ወንጀል መሆኑንና አለመሆኑን የምንወስን እኛ ነን ይሉ ነበር።

የዜንገር ነገር በ1735 በነሐሴ ወር ተሰማ። አስቀድሞ ሁለት ጠበቆች ነበሩት፤ ነገር ግን የዳኞቹ ሹመት በሕግ አይጸናም ብለው ስለ ተከራከሩ ከጥብቅና ተከለከሉ። ስለዚህ አንድሩ ሃሚልተን የሚባል ዕድሜው የገፋ ስመ ጥሩ ጠበቃ ከፊላደልፊያ መጣ። እርሱም በፍርድ ቤት ተነሥቶ ዜንገር ጋዜጣውን ማተሙን አልካደም። ከሳሹም ነገሩ አለቀ አለ። ሃሚልተን ግን ሰው በሐሰት ስም ቢያጠፋ መቀጣት ይገባዋል፤ እውነት የጻፈ ግን ሊቀጣ አይገባም ብሎ ተከራከረ፤ የተጻፈውም እውነት መሆኑን ላስረዳ ብሎ ጠየቀ። ዳኛው፥ ያ ኮዝቢ የሾመው፥ አይሆንም አለ። በዚያን ጊዜ ሃሚልተን ፊቱን ወደ 12ቱ ሰዎች መለሰና በሕሊናቸው እንዲፈርዱ ለመናቸው።

ዳኛውን መቃወም ቀላል ነገር አልነበረም። ከ65 ዓመት በፊት፥ በ1670፥ ዊልያም ፔን በለንደን መንገድ ላይ ሕዝብ ሰብስቦ በመስበኩ ተከሶ ነበር። በዚያ የተቀመጡት 12 ፈራጆች ጥፋተኛ ነው ለማለት እንቢ ስላሉ ዳኞቹ ያለ ምግብ፥ ያለ ውሃና ያለ እሳት ዘግተው አሳደሯቸው። ሐሳባቸውን ባይለውጡ እያንዳንዳቸውን 40 ማርክ ቀጧቸው። ኤድዋርድ ቡሽልና አንዳንድ ባልንጀሮቹም አንከፍልም ብለው በወኅኒ ቤት ተቀመጡ። በኋላ ግን ጆን ቮን የሚባል ከፍ ያለ ዳኛ፥ ጁሪ ስለ ሰጠው ፍርድ ሊቀጣ አይገባውም ብሎ ፈታቸው። እንግዲህ የኒውዮርክ ሰዎች እንደ ሕሊናቸው ሊፈርዱ የቻሉት ሌሎች ሰዎች አስቀድመው በራብና በእስራት ዋጋውን ስለ ከፈሉ ነው።

12ቱም ወጥተው ጥቂት ተማከሩና ተመለሱ፤ ጥፋተኛ አይደለም አሉ። በአዳራሹ የነበረው ሕዝብ በደስታ ጮኸ፤ ዜንገርም በማግሥቱ ተፈታ።

ነገር ግን በዚያ ቀን ሕጉ አልተለወጠም። በእንግሊዝ አገር ጁሪው በጠቅላላው ነገር ላይ ሊፈርድ እንዲችል በሕግ የተጻፈው በ1792 ነው። እንዲህ ያለው ክስ ከእንግሊዝ ሕግ ጨርሶ እንዲወጣ የተወሰነውም በ2009 ነው። የ12ቱ ሰዎች ሥራ ግን ሕጉ ከመለወጡ በፊት መንገዱን አሳየ።

ልጆች ሆይ፥ እነዚያ ሰዎች ነጋዴዎችና የእጅ ሥራ የሚያውቁ ተራ ሰዎች ነበሩ እንጂ ሹማምንት አልነበሩም። ኃይላቸው የማሉትን መሐላ መጠበቃቸው ብቻ ነበር። እናንተም በባልንጀራችሁ ላይ እንድትመሰክሩ ወይም እንድትፈርዱ ብትጠየቁ፥ የሚያስፈራችሁን ሰው ፊት ሳይሆን እውነቱን ተመልከቱ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ጥያቄ። 1) ጁሪ ማለት ምን ማለት ነው? 2) ሃሚልተን ዜንገር ጋዜጣውን ማተሙን ያልካደው ስለ ምን ነው? 3) ቡሽልና ባልንጀሮቹ ለኋለኞቹ ፈራጆች ምን አተረፉላቸው?