በምድረ በዳ ያለ ሐይቅና የዓሣው ዘር

ዓሣ የሐይቅ ሀብት መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን የሐይቁ ሕይወት ወደ እርሱ በሚገባው ወንዝ እንደ ሆነ የሚያስተውል ጥቂት ነው። ይህንንም በአንድ በረሓማ አገር በሆነው ነገር እናስረዳለን። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ፥ ኔቫዳ በሚባለው ደረቅ ግዛት፥ ፒራሚድ የሚባል ሐይቅ አለ። የትራኪ ወንዝ በተራራ ላይ ካለው ከታሆ ሐይቅ ተነሥቶ ወደዚህ ይፈስሳል። ከፒራሚድ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ውሃው የሚጐድለው በፀሐይ ሙቀት እየተነነ ነው። ስለዚህ የሚገባው ውሃ ሲያንስ ሐይቁ ይወርዳል፥ ጨውነቱም ይበዛል።

በዚህ ሐይቅ ትራውት የሚባል፥ ከመንጋጋው በታች ቀይ መስመር ያለው ትልቅ ዓሣ ይኖራል። በሐይቁ ዳር ለሚኖሩት ለፓዩት ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ምግባቸው ነበር። በ1925 ከእነርሱ አንዱ 41 ፓውንድ፥ ማለት 18 ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን አጥምዷል። ይህ ዓሣ በሐይቅ ቢያድግም ዕንቍላሉን የሚጥለው ወደ ወንዝ ወጥቶ፥ ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ በሚያልፍበት ጠጠር መካከል ነው።

በ1905 ደርቢ የሚባል ግድብ በወንዙ ላይ ተሠርቶ ውሃው ወደ እርሻ ተመለሰ። ደረቁ ምድር እህል እንዲያበቅል ማሰብ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ለሐይቁ ሊቀር የሚገባው ውሃ አልታሰበም። እስከ 1967 ድረስ ሐይቁ 24 ሜትር ያህል ዝቅ አለ፤ በአጠገቡ የነበረው የዊነሙካ ሐይቅም ፈጽሞ ደረቀ። በወንዙ አፍ ደለል ስለ ተከመረ ዓሣው ወደ ወንዙ ሊወጣ አልቻለም። ያረጀው ሲሞት የሚተካው ስላልተወለደ፥ በ1940ዎቹ ዓመታት የሐይቁ ትራውት አለቀ።

ሆኖም ቀድሞ ሰዎች ከዚሁ ዘር ወስደው በሩቅ ተራራ ጅረት ጨምረው ነበርና፥ በ1970ዎቹ በፓይለት ፒክ ተራራ ተገኘ። ሊቃውንት ዕንቍላሉን እያስፈለፈሉ አራቡት፤ በ2006ም ወደ ሐይቁ መለሱት። በ2014 በትራኪ ወንዝ እንደ ገና ሲራባ ታየ። ዛሬ በዚያ ለማጥመድ የሚሻ ሁሉ ከፓዩት ሕዝብ ፈቃድ ይቀበላል፤ የሚወስደውም ዓሣ ቍጥሩና መጠኑ የተወሰነ ነው።

በአገራችንም በስምጥ ሸለቆ ያለው የአብያታ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ውሃውም እጅግ ስለ ቀነሰ ዓሣው ተመናምኗል። እንግዲህ ወንዝን ወደ እርሻ የሚመልስ ሰው፥ ከታች ላለው ምን ያህል እንደሚተርፍ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል። ለፓዩት ዘሩ በሩቅ ተራራ ስለ ተገኘ ተመለሰላቸው፤ ለሁሉ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አይገኝም።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች
1. መውጫ የሌለው ሐይቅ ውሃው የሚጐድለው በምንድር ነው?
2. በሐይቁ ውሃ ሳለ ትራውት ስለ ምን አለቀ?
3. በመንደራችሁ ያለው ወንዝ ወዴት ይደርሳል? ከታች በእርሱ የሚኖሩት እነማን ናቸው?