ቂምም በቀልም የሌለበት አቤቱታ፦ አይሁድ ስለ ቁጣ ያስተማሩት

የኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 18 በቀልን ይከለክላል፤ ቂምንም ይከለክላል። ብዙዎቻችን ሁለቱን እንደ አንድ ነገር አንብበን እናልፋለን። የአይሁድ ሊቃውንት ግን ክልከላዎቹ ሁለት ናቸው ብለው ልዩነቱን በገበሬ መሣሪያ አስረድተዋል። አንድ ሰው ጎረቤቱን ማጭድ እንዲያውሰው ይለምነዋል፤ ጎረቤቱ ይከለክለዋል። በማግስቱ ያው ከልካይ መጥቶ መጥረቢያ ይለምናል። ትናንት ስለከለከልከኝ ዛሬ እኔም አልሰጥህም ካለው በቀል ነው። መጥረቢያውን እያቀበለ፣ እንካ፣ እኔ እንዳንተ ክፉ አይደለሁም ካለው ደግሞ ቂም ነው።

በቀሉ ለማንም ግልጽ ነው። የሚያስደነግጠው ሁለተኛው ነው። ሰውየው ሰጥቷል እኮ፤ አልሰደበም፣ አልደበደበም። ሆኖም ሊቃውንቱ ኦሪትን ተላልፏል አሉ፤ ምክንያቱም የትናንቱን በደል አውጥቶ አልጣለውም፣ በልቡ አስቀምጦ ቀን ጠብቆለታል። እዚህ ኤምሬትስ፣ በሻርጃ ሮላ ወይም በአጅማን ኑዓይሚያ ለስድስትና ለስምንት ሆነው አንዲት ክፍል ውስጥ አልጋ የሚከራዩ ወገኖቻችን ይህን ፍርድ ለመረዳት ማጭድም መጥረቢያም አያስፈልጋቸውም። አንዷ ቪዛዋ ሊቃጠል ሲል ሦስት መቶ ድርሃም ጠይቃ ተከልክላለች። ከወራት በኋላ የከለከለቻት ራሷ ከሥራ ወጥታ ለቤት ኪራይ ትበደራታለች። ገንዘቡ ይሰጣታል፤ ነገር ግን ክፍሉ በሙሉ እየሰማ፣ «እኔ እንደሌላው ሰው ጨካኝ አይደለሁም» ተብላ ይሰጣታል። በኦሪቱ ፍርድ ይህች ሰጪ ገና ከበደሏ እስር አልተፈታችም።

ታዲያ በደል የደረሰበት ሰው ምን ያድርግ? ዝም ብሎ ይዋጠው? የአይሁድን ትምህርት ከሩቅ የሰማ ሰው መልሱ አዎን ይመስለዋል፤ መልሱ ግን አይደለም ነው። ከላይ ያልነው ጥቅስ ላይ ከመድረሳችን በፊት ያለው ቁጥር 17 ወንድምህን በልብህ አትጥላው ይልና ወዲያው ገሥጸው ይላል። ጥላቻን በልብ መያዝ የተከለከለው ከተናገሩት ጥላቻ ይልቅ የተደበቀው ስለሚከፋ ነው።

ይህን ነገር ሥርዓት አበጅተው ከጻፉት ሊቃውንት አንዱ ሙሴ ቤን ማይሞን ናቸው፤ አይሁድ በምሕጻር ራምባም ይሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1204 ያረፉት እኒህ ሊቅ የተወለዱት በስፔን ኮርዶባ ነው። አልሞሃዶች ከተማዋን ሲይዙ በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር ተሰደዱ፤ በሞሮኮ ፌዝ ኖሩ፤ በመጨረሻም በግብፅ ፉስጣጥ ሐኪምና የአይሁድ መሪ ሆኑ። አብዛኛውን ሥራቸውን የጻፉት በዐረብኛ ነው። ዛሬ ስማቸው የተሰጠው ምኩራብ በአቡ ዳቢ ሳዲያት ደሴት፣ በአብርሃማዊ ቤተሰብ ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከመስጊድና ከቤተ ክርስቲያን ጎን ቆሟል፤ የተመረቀው በፌብሩዋሪ 2023 ነው። ስደትን በሕይወታቸው ያዩ ሰው ስለ በደል የሚሉትን ስደተኛ ቢሰማ ይጠቅመዋል።

ራምባም ሰው የበደለውን ሰው እየጠላ ዝም ማለት የለበትም ብለው ይደነግጋሉ፤ ሄዶ ለምን እንዲህ አደረግህብኝ፣ በዚህ ነገር ለምን በደልኸኝ ሊለው ይገባል። ምስክር አድርገው የሚያመጡት አቤሴሎምን ነው። ወንድሙ አምኖን እኅቱን ትዕማርን ከደፈራት በኋላ አቤሴሎም ለአምኖን ክፉም ደግም አልተናገረውም። ሁለት ዓመት ዝም አለ፤ ከዚያ በግብዣ ላይ አስገደለው። ቤቱ ሰላም የመሰለባቸው እነዚያ ሁለት ዓመታት ለእኔ በታሪኩ ውስጥ በጣም አስፈሪዎቹ ናቸው።

እኛ ሐበሾች «ሆድ ይፍጀው» እንላለን፤ ብዙዎቻችንም ይህን እንደ ጨዋነት ተምረን አድገናል። ማዳም ስትጮህ ሆድ ይፍጀው፤ ያገናኘው ደላላ ሲያታልል ሆድ ይፍጀው፤ የአገር ልጅ ሲከዳ ሆድ ይፍጀው። እንደ ራምባም ትምህርት ይህ ትዕግሥት አይባልም። ትዕግሥት ቁጣውን ያበርደዋል፤ ሆድ የፈጀው ነገር ግን አይበርድም፣ አንድ ቀን ባልታሰበ ሰው ላይ ይወጣል፤ ያለዚያም የያዘውን ሰው ራሱን በሕመም ይጥለዋል። አንድ መንገድ ግን ራምባም ክፍት ትተዋል፤ የበደለው ሰው ቢነግሩት የማይገባው ከሆነ፣ ተበዳዩም ከልቡ ፈጽሞ ይቅር ብሎ ምንም ሳይናገር ቢተወው፣ ይህ የጻድቃን ሥራ ነው። ልብ በሉ፦ ዝምታው የተፈቀደው ጥላቻው ለወጣለት ሰው ነው።

ተግሣጹም ሥርዓት አለው። ለብቻ ይሆናል፤ በለዘበ ድምፅ ይሆናል፤ ለተነጋሪው ጥቅም እንጂ ለማዋረድ አይሆንም። ባልንጀራውን በሕዝብ ፊት የሚያሳፍር ሰው ደም እንዳፈሰሰ ይቆጠራል ይላሉ ሊቃውንቱ። ዛሬ ከደይራ እስከ አጅማን አንድ ሰው ሲከዳን መጀመሪያ የምናደርገው ቲክቶክ ላይቭ መክፈት ወይም በዋትስአፕ ግሩፕ የስድብ ድምፅ መልቀቅ ሆኗል። ይህ በኦሪት ብቻ አይደለም የተከለከለው። የኤምሬትስ የ2021 የሳይበር ወንጀል ሕግ በኢንተርኔት ሰውን የተሳደበን በእስራት ወይም ከ250,000 እስከ 500,000 ድርሃም በሚደርስ መቀጮ፣ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። በእውነት ተበድላ ሳለ፣ በአንድ የንዴት ድምፅ ምክንያት ከሳሽ መሆኗ ቀርቶ ተከሳሽ የምትሆን ሴት አለች።

ወደ ቁጣው ራሱ እንምጣ። ራምባም በጠባይ ሁሉ መካከለኛውን መንገድ ያስተምራሉ፤ ሰው ንፉግም አባካኝም እንዳይሆን፣ ፈሪም ደፋርም እንዳይሆን። ሁለት ጠባዮችን ግን ከዚህ ለይተው አወጡ፤ ትዕቢትንና ቁጣን። በእነዚህ ሁለቱ መካከሉ አይበቃም፣ እስከ ዳር መራቅ ያስፈልጋል። ሊያስቆጣ በሚገባ ነገር ላይ እንኳ ሰው ላለመቆጣት ራሱን ያለማምድ ይላሉ። ልጆቹን ወይም ቤተሰቡን ማስተካከል የሚፈልግ የተቆጣ መስሎ ይታያቸው፤ ልቡ ግን በውስጥ የረጋ ይሁን። የሊቃውንቱ ትምህርት የተሰበሰበበት ታልሙድም በንዴት ልብሱን የሚቀድን፣ ዕቃ የሚሰብርን ሰው ጣዖት እንደሚያመልክ እየው ይላል። ዛሬ ቁጣው ዕቃ ሰባብር ይለዋል፤ እሺ ብሎ ይታዘዛል፤ ነገ የባሰ ያዝዘዋል፤ አሁንም ይታዘዛል። ሰው ከአንድ ጌታ በቀር ላለመታዘዝ ከማለ በኋላ ቁጣው ጌታው ይሆንበታል።

እዚህ ላይ ታልሙድ ስለ ሊቁ ሂሌል የሚተርከውን ታሪክ ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። ሁለት ሰዎች ሂሌልን ያስቆጣ 400 ዙዝ የሚባል ገንዘብ ይወስዳል ብለው ተወራረዱ። ቀኑ ዓርብ ነው፣ ሰንበት ሊገባ ነው፤ ሂሌል ራሳቸውን እየታጠቡ ነው። ተወራራጁ በደጃፋቸው እያለፈ፣ ሂሌል የሚባለው ማነው እያለ ያለ ማዕረግ ይጠራል። ሂሌል ልብሳቸውን ጣል አድርገው ወጥተው ምን ልታዘዝ ይሉታል። የባቢሎናውያን ራስ ለምን ክብ ሆነ ብሎ ይጠይቃል። ሂሌል ጥያቄህ ትልቅ ነው ብለው ይመልሱለታል። ይሄዳል፤ ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል፤ አሁን ስለ ተድሙር ሰዎች ዓይን ይጠይቃል፤ ደግሞ ይመለሳል፣ ስለ አፍሪካውያን እግር። ሦስቱንም በትሕትና ይመልሱለታል። በመጨረሻ ሰውየው ራሱ ተቆጥቶ፣ በአንተ ምክንያት 400 ዙዝ ከሰርሁ ይላል። ሂሌልም አንተ 400 ዙዝ፣ ሌላም 400 ብትከስር ይሻላል፣ ሂሌል ግን አይቆጣም አሉት።

ይህን ታሪክ ስንሰማ ሂሌል ቻይ ሆነው ተፈጥረዋል ብለን እንዳናልፍ እፈራለሁ። የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ሂሌል ጥያቄዎቹን እንደ ጥያቄ ወሰዷቸው። ሰውየው ለምን መጣ፣ ማን ላከው፣ ሊንቀኝ ነው ወይ እያሉ በልባቸው ክስ አላደራጁም። አብዛኛው ቁጣችን ከተነገረን ቃል ሳይሆን እኛ ለቃሉ ከሰጠነው ምክንያት ይመጣል። ጠዋት ከሻርጃ ወደ ዱባይ በአል ኢትሐድ መንገድ ሲሄድ ከፊቱ የገባበትን መኪና ንቆኝ ነው የሚል አሽከርካሪ ሥራው ሲደርስ ተቃጥሎ ነው። ያ የገባበት ሰው ግን ምናልባት አላየውም።

ቁጣ ትልቁንም ሰው ይጥላል። ሙሴ ሕዝቡ ውኃ ሲያጣ ዐለቱን በበትር መታ፤ ወደ ተስፋይቱ ምድርም ሳይገባ ቀረ። ራምባም የሙሴን ጥፋት ቁጣው ነው ብለው ተርጉመውታል። ሌሎች ሊቃውንት በዚህ አልተስማሙም፤ ክርክሩ እስካሁን አለ። አርባ ዓመት የታገሠ ሰው በአንዲት ንዴት መመዘኑ ከባድ ፍርድ ነው።

ለአስታራቂዎች ደግሞ በሚሽና የአባቶች ምዕራፍ አንድ ምክር አለ፤ ረቢ ሺሞን ቤን ኤልዓዛር ባልንጀራህን በቁጣው ሰዓት አታባብለው ይላሉ። የእኛ ሽማግሌዎች ይህን ቢሰሙት መልካም ነው። ጠቡ ባልበረደበት ማታ ሁለቱን አቅፎ ተሳሳሙ፣ ይበቃል ማለት ይቅርታን አይወልድም፤ ቂምን ወደ ውስጥ ያስገባል እንጂ። ሌሊቱ ይለፍ፤ ከዚያ ይነጋገሩ።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ለተበዳይ ነው፤ ትምህርቱ በዚህ ቢቆም ኖሮ ኃይል ላለው ሰው የተመቸ ትምህርት በሆነ ነበር። ግን አይቆምም። ራምባም ስለ ቤት አገልጋይ ሲጽፉ፣ ጌታው በእጁም በአፉም አያዋርደው፤ አይጩህበት፣ አይቆጣው፤ በለዘበ ቃል ይናገረው፣ ክርክሩንም ይስማው አሉ። የቀደሙት ሊቃውንት ከሚበሉት ምግብ ሁሉ ለአገልጋያቸው ያካፍሉ እንደነበርና አገልጋዩን ከራሳቸው አስቀድመው ያበሉ እንደነበር ይተርካሉ። ይህ የተጻፈው በባርነት ዘመን ሕጉ ከሚያስገድደው በላይ ለሚሄድ ሰው ነው፤ ለደሞዝ ለተቀጠረች ነጻ ሴትማ እንዴት አይገባ! ስለ ደሞዝም ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 የድሀውን ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ ክፈል ይላል፤ ታልሙድም ደሞዝ የከለከለ ነፍስ እንደ ወሰደ ነው ይላል።

ስለዚህ ላብን መጠየቅ በቀል አይደለም። በቀል ማለት የአሠሪን ልብስ ሆን ብሎ ማቃጠል፣ ሕፃኑን መቆንጠጥ፣ ስም ማጥፋት ነው። አቤቱታ ማቅረብ ግን ፍርድ መፈለግ ነው፤ ኦሪትም ፍርድን ያዝዛል። በኤምሬትስ ከዲሴምበር 2022 ጀምሮ የሚሠራው የቤት ሠራተኞች ሕግ ደሞዝ ከተወሰነለት ቀን በ10 ቀን ውስጥ እንዲከፈል፣ በሳምንትም የዕረፍት ቀን እንዲኖር ያስገድዳል፤ ክርክር ሲነሳ መጀመሪያ የሚታየው በሰው ሀብትና ኤሚራታይዜሽን ሚኒስቴር ነው። ዱላ ካለ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ያው የዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 በባልንጀራህ ደም ላይ ዝም ብለህ አትቁም ይላል፤ የራስም ደም ደም ነው። የምትደበደብ ሴት ስለ ትዕግሥት ስብከት አያስፈልጋትም፤ ወደ 999 መደወልና ከቤቱ መውጣት ያስፈልጋታል።

በደልን ዋጥ ሳያደርጉ አቤት ማለትን የእኛው ቤተ እስራኤሎች አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 እስራኤል ውስጥ ኢትዮጵያውያን አይሁድ የለገሱት ደም በድብቅ ይደፋ እንደነበር ጋዜጣ ሲያወጣው፣ ሺዎች በኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጡ። በዕለቱ ከፖሊስ ጋር ግጭት ነበር፤ ነገር ግን በደሉ በአደባባይ ተነገረ፣ መንግሥትም በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። እዚሁ በኤምሬትስም ረቢ ጽቪ ኮጋን በኖቬምበር 2024 ሲገደሉ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በማርች 2025 በአቡ ዳቢ ለሦስት ሰዎች የሞት፣ ለአንዱ የዕድሜ ልክ ፍርድ ተሰጠ። ደም በግለሰብ እጅ አይበቀሉትም፤ በግለሰብ ይቅርታም አይሸፍኑትም።

የቀረው ይቅርታ ነው። ቤተ እስራኤል አስተሰርዮ የሚሉት የስርየት ቀን በሰውና በሰው መካከል ያለውን በደል አያነጻም፤ በዳዩ መጀመሪያ የወሰደውን ይመልስ፣ ከዚያ ተበዳዩን ይለምን ይላሉ ራምባም። እንቢ ካለው ሦስት ጊዜ በሰው ያስለምነው። የተለመነው ሰውም ጨካኝ አይሁን፤ በቀላሉ ይታረቅ፣ በጭንቅ ይቆጣ።

በዳዩ ሳይለምንስ ቢቀር? ታልሙድ ስለ ሊቁ ማር ዙጥራ ይናገራል፤ ማታ ወደ አልጋቸው ሲወጡ፣ ያስቀየመኝን ሁሉ ይቅር ብያለሁ ይሉ ነበር። አይሁድ ይህን በመኝታ ጸሎታቸው ውስጥ አስገብተው እስከ ዛሬ ይሉታል። እኔ ከዚህ ትምህርት ሁሉ ይህን አብልጬ እወዳለሁ፤ ሽማግሌም፣ የዕረፍት ቀንም፣ የበዳዩ ፈቃድም አይጠይቅምና። ደሞዝ የተያዘባችሁ እኅቶችና ወንድሞች፣ ዛሬ ማታ ሰውየውን ከልባችሁ ይቅር በሉት፤ ነገ ጠዋት አቤቱታችሁን ለሚኒስቴሩ አስገቡ።