እልፍኙ ይታይ፣ ጓዳው ይቅር፦ በምሥራቅ አዲስ አበባ ታሪካዊ ሕንፃዎችን ለሕዝብ ክፍት ስለማድረግ

ታሪካዊ ሕንፃዎችን በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቀን ለሕዝብ በነፃ የመክፈት ልማድ በአሁኑ መልኩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 በፈረንሳይ ነው። በቀጣዩ ዓመት የአገሪቱ የባህል ሚኒስትር ሐሳቡን ለአውሮፓ ምክር ቤት አቀረቡ፤ በ1991 ደግሞ «የአውሮፓ የቅርስ ቀናት» በሚል ስያሜ የጋራ መርሐ ግብር ሆነ። በ1992 በለንደን የተጀመረው ተመሳሳይ ዝግጅት የግል መኖሪያ ቤቶችንና አዳዲስ ሕንፃዎችን ጭምር አካተተ። የልማዱ መነሻ ቀላል ነው፤ ሰው ገብቶ ያላየው ቤት ሲፈርስ የጠፋውን ነገር አያውቀውም። ይህ ጽሑፍ ሐሳቡ ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በቦሌና በየካ በኩል በሚዘልቀው የአዲስ አበባ ክፍል ቢተገበር የት ላይ እንደሚሰምርና የት ላይ እንደሚሰናከል ይመረምራል።

በቅድሚያ ሕጉን መመልከት ይገባል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ባለቤቱ ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲጠብቅ ከማስገደዱም በላይ፣ በባለሥልጣኑ ሲጠየቅ ቅርሱ ለሕዝብ እንዲታይ የመፍቀድ ግዴታ ይጥልበታል። ስለዚህ የነፃ ጉብኝት ቀን ለአገሪቱ ሕግ ባዕድ አይደለም። ይሁን እንጂ ድንጋጌው የተጻፈው ባለቤትን በማሰብ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ በሩን የሚከፍተው ሰው ብዙውን ጊዜ ባለቤት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ከሆኑ ወዲህ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት በቀበሌ ሥር ውለዋል፤ በርካታ የመኳንንትና የነጋዴ ቤቶችም ተከፋፍለው የብዙ ቤተሰብ መኖሪያ ሆነዋል። አነስተኛው ኪራይ ጣሪያ አያስጠግንም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ለማፍሰስ አይደፍርም። ቤቱ በቅርስነት ሲመዘገብ ደግሞ ያለ ፈቃድ ግድግዳ ማንሣትም ሆነ ማደስ ይከለከላል።

ከዚህ የተነሣ ሜትርና ካሜራ ይዞ የሚመጣ እንግዳ በተከራዩ ዘንድ የሚያስከትለው ስሜት ኩራት ሳይሆን ሥጋት ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በሌሎች ሰፈሮች ከኮሪደር ልማት ጋር ተያይዞ ሰፊ ፈረሳ ከተካሄደ በኋላ ይህ ሥጋት መሠረት የለውም ሊባል አይችልም። የአውሮፓው ልምድ ይህን ጥያቄ አይመልስም፤ በፈረንሳይ መጀመሪያ የተከፈቱት ሐውልቶችና ሕንፃዎች ጠባቂና በጀት የነበራቸው ናቸውና።

በአካባቢው ያሉ ሦስት ቦታዎች የችግሩን ልዩ ልዩ ገጽታ ያሳያሉ። ከመስቀል አደባባይ በላይ የሚገኘውና የጦር ሚኒስትር የነበሩት የራስ ብሩ መኖሪያ ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም ነው። ቤቱ በተሠራበት ዘመን የተለመደው አሠራር ድንጋይን፣ ጭቃን፣ እንጨትንና ቆርቆሮን ያጣመረ ሲሆን፣ የሕንድና የአርመን ግንበኞች እጅ በብዙዎቹ ላይ ይታያል። እንዲህ ያለ ቤት ጠላቱ ከጣሪያ የሚወርድ ውኃና ምስጥ ነው። የእንጨት ወለልና ደረጃም በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው እንዲሸከም አልተሠራም፤ ስለዚህ ጎብኝዎችን በጥቂት በጥቂቱ ማስገባት የጥበቃው አካል እንጂ የመስተንግዶ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ ግን ሌላ ዓይነት ነው። በአርቱሮ ሜዜዲሚ ተነድፎ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ሕንፃ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በግንቦት 1955 የተፈረመበት ሲሆን፣ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የመስታወት ሥዕል ይገኝበታል። ከሰፊ እድሳት በኋላ በጥቅምት 2017 ዳግም ተከፍቷል። እዚህ ገንዘብም ባለሙያም አልታጣም፤ ተራውን የከተማ ነዋሪ የሚያግደው የተባበሩት መንግሥታት ቅጥር ግቢ የደኅንነት ሥርዓት ነው።

ሦስተኛው በየካ ተራራ ላይ የሚገኘው ዋሻ ሚካኤል ነው። ከአለት የተፈለፈለውን ይህን ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ወደ አብርሃና አጽብሓ ዘመን ሲያደርሰው፣ ተመራማሪዎች ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቡታል። ጣሪያው በመፍረሱ ዝናብ በቀጥታ ይገባበታል። እዚህ ቦታ ላይ የመክፈት ጥያቄ አይነሣም፤ ቦታው ክፍት ከሆነ ቆይቷል፤ የጎደለው መጠለያ ነው።

የዋሻ ሚካኤል ምሳሌ ግን ሌላ ሐሳብ ይጠቁማል። ኢትዮጵያ ታሪካዊ ቦታን ለሁሉም የምትከፍትበት የራሷ ሥርዓት አላት፤ እርሱም ንግሥ ነው። በንግሥ ዕለት ግቢው ማንንም ይቀበላል፤ ታቦቱም ይወጣል። ሆኖም ታቦቱ እንደተሸፈነ ነው፣ መቅደሱም ለሁሉም አይከፈትም። ክፍትነቱ ደረጃ አለው፤ ሕዝቡ ይህን እንደ ክልከላ ሳይሆን እንደ ክብር ይቆጥረዋል። ይኸው መርሕ ሰው ለሚኖርባቸው ታሪካዊ ቤቶች ቢወሰድ፣ ሰገነቱ፣ ደረጃውና እልፍኙ ሲታዩ ጓዳው ለነዋሪው ይቀራል። የትኛው ክፍል እንደሚታይ መወሰን ያለበት ነዋሪው ሲሆን፣ ፈቃዱም የቤቱን ታሪክ ራሱ እስከመናገር ሊደርስ ይገባል። ግድግዳው መቼ እንደተከፈለ፣ ማን እንደኖረበት ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ያዳግታል።

ጊዜውም ቢሆን ከውጭ መቀዳት የለበትም። የአውሮፓው ዝግጅት በአብዛኛው በመስከረም አካባቢ ይውላል፤ በአዲስ አበባ ግን በዚያ ወቅት የጭቃ ግድግዳ የክረምቱን እርጥበት ገና አልጨረሰም። ኅዳር የተሻለ ይመስላል። ወሩ ደረቅ ከመሆኑም በላይ ኅዳር 12 የሚካኤል ዓመታዊ በዓል ነው፤ ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ወዲህ ደግሞ ከተማው ሰፈሩን ጠርጎ ቆሻሻውን የሚያጥንበት ቀን ነው። ግቢን የማጽዳት ልማድ ባለበት ሳምንት የቤትን ጉዳት መመዝገብ ብዙ ቅስቀሳ አይጠይቅም። ምዝገባው ከጉብኝቱ መቅደም አለበት፤ የጣሪያው ቀዳዳ፣ የወለሉ መሸከም አቅምና የእንጨቱ ሁኔታ በፎቶግራፍና በንድፍ ካልተያዘ፣ ጎብኝ ያደረሰውን ጉዳት ከክረምቱ ጉዳት መለየት አይቻልም።

የቦሌ ነገር ከዚህ ሁሉ ይለያል። አውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ከተዛወረ ወዲህ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሠሩ ቪላዎች በብዙ ሰው ዓይን «ቅርስ» ለመባል ዕድሜያቸው ገና ነው። አዋጁ ግን ለቅርስነት መነሻ የሚያደርገው ታሪካዊ፣ ሳይንሳዊ፣ ባህላዊና ኪነ ጥበባዊ ዋጋን እንጂ ዕድሜን አይደለም። በተግባር የሚያስቸግረው የመሬቱ ዋጋ ከቤቱ ዋጋ እጅግ መብለጡ ነው፤ ባለፎቅ ሕንፃ ለመሥራት ያሰበ ባለይዞታ ቤቱን ለጉብኝት ቢከፍት በቅርስነት እንዳይመዘገብበት ይፈራል። እንዲህ ላለው ባለይዞታ የግብር ቅናሽ ወይም ሌላ ማካካሻ እስካልተዘጋጀ ድረስ፣ በቦሌ የሚጀመር የጉብኝት ቀን በመንግሥትና በድርጅት ይዞታ ሥር ባሉ ሕንፃዎች ተወስኖ መቆየቱ አይቀርም።