በባዕድ ሀገር ሕፃናትን ስለ ማስተማር

ወንጌልን ይዞ ከሀገር ወደ ሀገር መሄድ ከሐዋርያት የተወረሰ አገልግሎት ነው። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ወደ አሕዛብ ሁሉ ሲልካቸው (ማቴ. 28፥19) ሕፃናትን ከዚህ ትእዛዝ አላወጣቸውም፤ ይልቁንም ወደ እርሱ እንዳይቀርቡ የከለከሏቸውን ገሥጾ፣ ሕፃናቱን ዐቅፎ ባርኳቸዋል (ማር. 10፥13-16)። በዚህ ዘመን ካህናትና የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች ለጥቂት ቀናት ድንበር ተሻግረው፣ በሥራ ወይም በስደት ምክንያት ከሀገር የወጡ ወገኖቻችንን ልጆች አስተምረው ይመለሳሉ። አገልግሎቱ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ቀን ብቻ የተሰጠው መምህር ምን ሊያስተምር ይገባዋል? ሲመለስስ ከኋላው ምን ትቶ ሊመጣ ይገባዋል? ይህን ሳይመረምሩ መሄድ ዘር ሳይዙ ወደ እርሻ እንደ መውጣት ነው።

ጥያቄው በድሬዳዋ ለከዚራ ምእመናን ይበልጥ ቅርብ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ሲደርስ ከተማዪቱ ተቆረቆረች፤ ከዚራም የባቡር ጣቢያውና የሠራተኞቹ ሰፈር ሆነች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚያ መስመር የተመላለሰው ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ኑሮውን ፍለጋ ወርዶበታል፤ ልጆቹንም በዚያው በባሕሩ ዳር ወልዷል። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ከተመረቀ ወዲህም ይህ መመላለስ አልቀረም። በጅቡቲ የሚያድግ የኢትዮጵያዊ ልጅ በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ይማራል፤ በመንገድ ሶማልኛና ዓፋርኛ ይሰማል፤ የወላጆቹን ቋንቋ የሚሰማው ግን በቤቱና በቤተ ክርስቲያን ነው። አማርኛን፣ ኦሮምኛንና ሶማልኛን በአንድ ጎዳና እየሰማ ያደገ የከዚራ አገልጋይ የዚህን ልጅ ሁኔታ ከማንም ይልቅ ሊረዳ ይችላል።

ለዚህ አገልግሎት ታላቅ ምሳሌ ከራሳችን ታሪክ እናገኛለን። በ4ኛው መቶ ዓመት የጢሮስ ልጆች የነበሩት ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ከመምህራቸው ከሜሮጵዮስ ጋር በቀይ ባሕር ሲመለሱ መርከባቸው በወደብ ተያዘ፤ አብረዋቸው የነበሩትም ተገደሉ። ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ እንደሚተርከው፣ ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኝተው ከሞት ተረፉ፤ ወደ ንጉሡም ተወሰዱ። ንጉሡ በሞተ ጊዜ ንግሥቲቱ ሕፃኑ ልጅዋ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በመጠበቅ እንዲረዷት ለመነቻቸው። በባዕድ ሀገር ተማሪ ሆነው የተገኙት ልጆች በዚያው ሀገር የሕፃን ንጉሥ ጠባቂዎች ሆኑ ማለት ነው።

ሕፃኑ ባደገ ጊዜ ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ተመለሰ። ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለምእመናኑ ጳጳስ እንዲላክላቸው ቅዱስ አትናቴዎስን ለመነ፤ አትናቴዎስም እርሱኑ ሾሞ መልሶ ላከው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው እርሱን ነው። እነሆ፣ ፍሬምናጦስ ብዙ ዓመት ካገለገለ በኋላ እንኳ ሥራዬን ፈጸምሁ አላለም፤ ከእርሱ በኋላ ለሕዝቡ እረኛ ይኖር እንደ ሆነ ጠየቀ እንጂ። ብዙ ዓመት የኖረው ይህን ከጠየቀ፣ አንድ ቀን የሚያድረው መምህርማ እንዴት አይጠይቅ!

ምናልባት አንድ ሰው፣ «ፊልጶስ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ በመንገድ አግኝቶ በአንድ ጊዜ አስተምሮና አጥምቆ አልተለየውምን?» ይል ይሆናል (የሐዋ. ሥራ 8፥26-40)። እውነት ነው። ነገር ግን ጃንደረባው ለአምልኮ እስከ ኢየሩሳሌም የተጓዘ፣ የኢሳይያስን መጽሐፍ በእጁ ይዞ የሚያነብ ዐዋቂ ነበር፤ የጎደለው ተርጓሚ ነበርና ተርጓሚው ተላከለት። ሕፃን ግን ንባቡም ትርጓሜውም ገና ነው። ቅዱስ ጳውሎስም በተሰሎንቄ ምኵራብ ሦስት ሰንበት ካስተማረ በኋላ (የሐዋ. ሥራ 17፥2) ከከተማው በወጣ ጊዜ ልቡ አላረፈም፤ ያጸናቸው ዘንድ ጢሞቴዎስን ላከላቸው (1ኛ ተሰ. 3፥1-2)። አጭር ጉዞ የሚነቀፈው ስለ ማጠሩ ሳይሆን ተከታይ በማጣቱ ነው።

እንግዲህ የአንድ ቀን መምህር ቀኑን እንዲህ ያውለው። አስቀድሞ በዚያ ያለውን ካህን ይሳለም፤ ልጆቹ ምን እንደ ተማሩና ምን እንደ ጎደላቸው ከእርሱ ይረዳ። በቤቱ እንግዳ ነውና በልጆቹ ፊት ከባለቤቱ በላይ አይታይ። ቀጥሎም አንድ ነገር ብቻ ይምረጥ። አምስቱን አዕማደ ምሥጢር በአንድ ቀን ልጨርስ የሚል መምህር ልጁን አደክሞት ይሄዳል። ነገር ግን ማማተብን ቢያስተምር፣ ስመ ሥላሴን ሲጠራ ምሥጢረ ሥላሴን፣ እጁን ከግንባሩ ወደ ደረቱ ሲያወርድ የወልድን ከሰማይ መውረድ፣ ከግራ ትከሻው ወደ ቀኙ ሲያሻግር ከሲኦል ወደ ገነት መመለሳችንን ያስረዳዋል። ትርጓሜውን ልጁ በሚሰማው ቋንቋ ይንገረው፤ ጸሎቱን ግን በግእዝ በቃሉ ያስይዘው። የአብነት ትምህርት ቤታችን ልጆችን ማታ መጽሐፍ በማይታይበት ሰዓት በቃል ትምህርት ጸሎት ያስጠናቸው የነበረው ስለዚህ ነው፤ በቃል የተያዘ ትምህርት ከተማሪው ጋር አብሮ ይሰደዳልና።

ከሰዓት በኋላ እናቶችን ይሰብስብ። ጢሞቴዎስ አባቱ የግሪክ ሰው ነበረ (የሐዋ. ሥራ 16፥1)፤ ሃይማኖቱን ያገኘው ግን ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ ነው (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። ልጆቹ የተማሩትን እናቶቻቸው ካወቁት በየማታው ይደገማል፤ ካላወቁት ከእንግዳው ጋር ይሄዳል። ከልጆቹም መካከል ቀደም ያለውን መርጦ ታናናሾቹን እንዲያስጠና አደራ ይስጠው፤ የቆሎ ተማሪም የሚማረው ከመምህሩ ብቻ ሳይሆን ከቀደመው ባልንጀራው ጭምር ነው።

ከሦስት ነገርም ይጠበቅ። አንደኛ፣ ስጦታ ቢኖረው በወላጆች ወይም በካህኑ እጅ ይስጥ፤ ልጅ ከእንግዳ እጅ መቀበልን ከለመደ የአባቱን እጅ ባዶ አድርጎ ያያልና። ሁለተኛ፣ የችግረኛ ልጅ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለራሱ ምስጋና ማግኛ አያድርግ፤ በጎ ሥራ በሰው ፊት ለመታየት ሲደረግ ዋጋ እንደሌለው ጌታችን አስተምሯል (ማቴ. 6፥1)። ሦስተኛ፣ የጎረቤት ሙስሊም ልጅ ከልጆቻችን ጋር ለጨዋታ ቢመጣ በፍቅር ይቀበለው፤ ነገር ግን ያለ ወላጆቹ ፈቃድ ለማስተማር አይሞክር። ሰው ሁሉ ተጎራብቶ በሚኖርበት በከዚራ ይህን ጠባይ የማያውቅ የለም።

የዚህ ጉዞ ፍሬ የሚታወቀው መምህሩ በሚሸኝበት ቀን አይደለም። ልጆቹ አልቅሰው ቢሸኙት ደግ ነው፤ ነገር ግን ከወር በኋላ በመኝታቸው ሰዓት አማትበው ሲጸልዩ፣ ያስተማረውንም በአጠገባቸው ካለው ካህን ሲጠይቁ ቢገኙ፣ ያን ጊዜ በእውነት አስተምሯል። የእንግዳው ስም ቢረሳ ምንም አይጎዳም፤ የተከለ ሌላ፣ ያጠጣ ሌላ ነው፤ የሚያሳድግ ግን እግዚአብሔር ነው (1ኛ ቆሮ. 3፥6-7)።

ፍሬምናጦስን ከዛፍ ሥር ጠርቶ ለሀገራችን ብርሃን ያደረገ አምላክ፣ በባዕድ ሀገር የሚያድጉትን ልጆቻችንን በሃይማኖት ያጽናልን፤ የሚቀርባቸውንም መምህር አያሳጣቸው። ለዘለዓለሙ አሜን።