ሎፎተንን መቼ እንጎብኝ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኦስሎ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ትመጣለች። ሎፎተን ደሴቶችን ላሳያት አስቤያለሁ፤ በየትኛው ወር ብንሄድ ይሻላል?

መልስ፦ ለእናትዎ ጁን ይሻላል። ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ ፀሐይ ጨርሶ አትጠልቅም፤ በእኩለ ሌሊትም ተራራው ወርቃማ ብርሃን ለብሶ ይታያል። ዓይን መሸፈኛ ጨርቅ ይያዙላቸው፤ ጨለማ ከሌለ እንቅልፍ እምቢ ይላል። ጁላይ ላይ ጠባቡ መንገድ በመኪና ስለሚጨናነቅ ባይመርጡት ጥሩ ነው።

የእኔ ልብ ግን ማርች ላይ ነው። ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ኮድ የሚባለው ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ከባረንትስ ባሕር ወደ ሎፎተን ይጎርፋል። የደሴቶቹ ሰዎች ጭንቅላቱን ቆርጠው፣ ሁለት ሁለቱን በጅራቱ አስረው፣ እንደ ቋንጣ ከእንጨት ማስጫ ላይ ይሰቅሉታል። ጨው የለ፣ ጭስ የለ፤ የሚያደርቀው ቀዝቃዛው የባሕር ነፋስ ነው። ትልቁ ገዢ ጣሊያን ሲሆን የደረቀው ጭንቅላት ናይጄሪያ ድረስ ይሻገራል። እናትዎ ብርዱን የሚችሉ ከሆነ ይህን ቢያዩ ደስ ይለኛል።

ሴፕቴምበር ሰው ይቀንሳል፤ ሌሊቱ ስለሚጨልም በሰማይ የሚደንሰው አረንጓዴ ብርሃንም ይታያል። ዲሴምበርን አልመክርም፤ ፀሐይ ለአንድ ወር ገደማ አትወጣም።

ስለ ጉዞው ደግሞ፦ ከቦዶ ከተማ ሎፎተን ውስጥ ወዳለችው ሞስኬነስ የሚሻገረው መርከብ ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ማዕበል ካለ ሆድ ይረብሻል። ለእናትዎ ከቦዶ እዚያው ሎፎተን ወዳለችው ሌክነስ የሚበርረውን ትንሽ አውሮፕላን ይያዙላቸው።